የነጋዴ ቡክሌት ሲመዘን

የዲጂታል ቡክሌት የሚባለው አንድ የንግድ ድርጅት ስለ ሙያው ወይም ስለ ምርቱ ጠቃሚ እውቀት በጥቂት ገጾች አዘጋጅቶ፣ በስልክና በኮምፒውተር እንዲነበብ በነጻ የሚያድለው ወይም በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጠው ጽሑፍ ነው። ከተራ ማስታወቂያ የሚለየው ለአንባቢው የሚሰጠው ነገር ስላለው ሲሆን፣ ከሌላው መጽሐፍ የሚለየው ደግሞ የነጋዴውን ስም የማስተዋወቅ ዓላማ በግልጽ በመያዙ ነው። በመሆኑም የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥራት ከሁሉ በፊት በአንድ ጥያቄ ይመዘናል፤ የድርጅቱ ስምና አድራሻ ከገጾቹ ላይ ቢነሣ፣ የቀረው ጽሑፍ አንባቢው ለነገ ብሎ የሚያስቀምጠው ሆኖ ይገኛል ወይ?

ይህ መመዘኛ ከኮምፒውተር ዘመን ይቀድማል። የፈረንሳዩ ጎማ አምራች ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ1900 ለአሽከርካሪዎች በነጻ ያደለው የኪስ መጽሐፍ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝና ማደሪያ የት እንዳለ ያመለክት ነበር፤ ሰው ብዙ በተጓዘ ቁጥር ጎማው ስለሚያልቅ የአንባቢውና የነጋዴው ጥቅም በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1920 በዋጋ መሸጥ ሲጀምርም ገዢ አላጣም።

ቡክሌትን የሚመዝን ሰው ቀጥሎ የሚመለከተው የርእሱን ጥበት ነው። ለምሳሌ አንድ የማር ነጋዴ «ስለ ማር» በሚል ርእስ የሚያዘጋጀው ረጅም ጽሑፍ ከታሪኩ እስከ መድኃኒትነቱ ሁሉን ነካክቶ ምንም ሳያስጨብጥ ሊያልቅ ይችላል፤ «ማር ለምን ይረጋል?» የሚል አጭር ቡክሌት ግን የረጋ ማር ባየ ቁጥር ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ የሚጠራጠረውን ገዢ በቀጥታ ያገኘዋል። ሙያውን የሚያውቅ አዘጋጅ በዚህ ርእስ ሥር መርጋት ማለት ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት ከፈሳሹ ተለይቶ ወደ ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣቶች መለወጡ እንደሆነ፣ ይህም በንጹሕ ማር ላይ የሚደርስ የተፈጥሮ ሂደት መሆኑን፣ በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደሚፋጠንና የማሩን ዕቃ በሞቀ፣ ግን ባልፈላ ውሃ ውስጥ በማቆየት ቀስ በቀስ ሊቀልጥ እንደሚችል ያስረዳል።

የአዘጋጁ ሐቀኝነት ደግሞ የሚታወቀው ሽያጩን ሊቀንስ የሚችል እውነት በጻፈበት ገጽ ነው። ጥሩ የማር ቡክሌት፣ አደገኛ መመረዝ የሚያስከትል ባክቴሪያ በማር ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ እንደሌለበት ሳይሸፋፍን ይናገራል። ማርን ውሃ ውስጥ ጠብ በማድረግ ወይም በክብሪት በማቃጠል ንጹሕነቱን ማወቅ ይቻላል የሚለውን የተለመደ አባባል ሳይመረምር የሚደግም ቡክሌት ግን፣ እነዚህ ዘዴዎች አስተማማኝ ስላልሆኑና ቅልቅልን በእርግጠኝነት ለመለየት የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሚያስፈልግ፣ አዘጋጁ የሰማውን ብቻ እንደጻፈ ይመሰክርበታል።

የአቀራረቡም ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቡክሌቱን የሚያነበው በስልክ ስለሆነ፣ ለወረቀት በሁለት ዓምድ የተቀናበረ ገጽ አንባቢውን በጣቱ እያሰፋና እያንሸራተተ እንዲደክም ያደርገዋል። ፒዲኤፍ የገጹን ቅርጽ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ሳይለወጥ የሚያቆይ የፋይል ዓይነት በመሆኑ፣ አዘጋጁ ገጹን ከመጀመሪያው ለስልክ ስፋት ማቀናበር ይኖርበታል። በአማርኛ ለተዘጋጀ ቡክሌት አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ ሊፈለግና ሊገለበጥ ይችላል። በቀደሙት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ግን ወደ ሌላ ቦታ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ በስካነር የተነሣው ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሥዕል ብቻ ነው። ቡክሌቱን የሚመዝነው ሰው ከመካከሉ አንድ አረፍተ ነገር ገልብጦ በቴሌግራም መልእክት ላይ በመለጠፍ ይህን ወዲያውኑ ያረጋግጣል።

ሽያጭን በተመለከተ ጥሩ ሥራ የሚለየው ዓላማውን አስቀድሞ በመወሰኑ ነው። በነጻ የሚታደል ቡክሌት ከስልክ ወደ ስልክ በተላለፈ ቁጥር የነጋዴውን ስም ያሰፋል፤ በዋጋ የሚሸጠው ግን በዚያው መንገድ ገቢ ስለሚያጣ፣ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ ማውጫውንና ጥቂት ገጾችን በነጻ አሳይቶ፣ የተዘጋጀበትን ዓመት ገልጾና ስሕተት ሲገኝ የታረመውን ቅጂ ለገዢዎቹ ልኮ ክፍያው የሚገባው መሆኑን ማሳየት አለበት። ገንዘብ ተከፍሎበት ሲከፈት የምርት ዋጋ ዝርዝር ሆኖ የሚገኝ ቡክሌት ገዢውን አታሏል፤ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ የወሰደም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀውን መብት ሊጥስ ይችላል።

ስለዚህ ሽፋኑ ማማሩና ገጹ መብዛቱ ለፍርድ አይበቃም። አንባቢው ቡክሌቱን ጨርሶ ከማንኛውም ነጋዴ በተሻለ ማስተዋል መግዛት ከቻለ ሥራው ተሳክቷል፤ ይህን ዕውቀት ከተፎካካሪው ሱቅ ሄዶ እንዲጠቀምበት ሳይሰስት የሰጠ ነጋዴም ሊታመን የሚገባው መሆኑን በሥራው አሳይቷል።