ግራር እና አካሲያ፤ ስለ አንድ የስም ፍርድ የቀረበ ሒስ

ባለፈው ሰሞን ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ለጥናቱ ያዘጋጀውን የዕፀዋት ዝርዝር ይዞ ነበር። ጃንጥላ መሳዩን ግራር «አካሲያ አቢሲኒካ» ብሎ ቢጽፍ፣ መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዘው «ቫቼሊያ» ብለው አርመውለታል። ጓደኛችን ስሙን ከራሱ አላመጣውም፤ በ1989 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን) ከታተመው ከኢትዮጵያ ፍሎራ ሦስተኛ ቅጽ ቀድቶ ነው። ታዲያ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው ወይስ መምህሩ? እኛ እንደምናየው ሁለቱም አልተሳሳቱም። መመርመር የሚገባው በመካከሉ የተሰጠው ፍርድ ነው።

አካሲያ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ዲዮስኮሪደስ በግብፅ የሚበቅለውን እሾሃም ዛፍ በዚህ ስም ጠርቶታል። በ1754 ፊሊፕ ሚለር የወገን ስም አደረገው፤ የስሙም ተሸካሚ ሆኖ የኖረው ያው የዓባይ ሸለቆ ግራር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራልያ የተሰበሰበው ሁሉ በዚሁ ስም ሥር እየገባ ከ1,300 በላይ ዝርያ ተከማቸ። በ1986 አውስትራልያዊው ፔድሊ ይህን ታላቅ ወገን በሦስት ከፈለው። በኋላም በዘር ቅንጣት ላይ የተደረገው ምርምር እነዚህ ዛፎች በእውነት የአንድ አባት ልጆች ብቻ አለመሆናቸውን አረጋገጠ። በመከፈሉ ላይ እኛ ምንም ክርክር የለንም።

ክርክራችን በውርሱ ላይ ነው። ወገን ሲከፈል የቀድሞው ስም የሚቀረው የስሙ ተሸካሚ ካለበት ክፍል ጋራ መሆኑን የዕፀዋት ስያሜ ሕግ ይደነግጋል። እንዲህ ከሆነ አካሲያ ለአፍሪካ ቀርቶ የአውስትራልያዎቹ ራኮስፐርማ ሊባሉ ይገባ ነበር። ነገር ግን የአውስትራልያዎቹ ወደ አንድ ሺሕ ይጠጋሉና፣ ይህ ሁሉ ስም ከሚለወጥ ተሸካሚው ራሱ ይለወጥ የሚል ሐሳብ በ2003 ቀረበ። በ2005 በቪየና የተሰበሰበው የዕፀዋት ሊቃውንት ጉባኤ ድምፅ ሰጠበት። ከመቶ 55 ያህሉ ሐሳቡን ቢቃወሙም፣ የኮሚቴውን ውሳኔ ለመሻር 60 ከመቶ ያስፈልግ ስለ ነበረ የጥቂቶቹ ፈቃድ ጸና። የ2011 የሜልቦርን ጉባኤም አልነካውም። በ2013 የአፍሪካ ግራሮች በሙሉ ወደ ቫቼሊያና ወደ ሴኔጋሊያ ተዛወሩ። ቫቼል ማለት በቻይና ዳርቻ በማካዎ ለእንግሊዝ ነጋዴዎች ቄስ ሆኖ ሳለ ዕፀዋት ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። ከአዋሽ ወንዝ ጋራ ምን እንዳገናኘው እንጃ።

የለውጡ ደጋፊዎች «ብዙ ስም እንዳይናጋ» ይላሉ። ምክንያቱን አንንቅም፤ ነገር ግን ይህ ምሕረት ለሁሉ እኩል ተሰጥቶ አላየንም። ቡናን እንውሰድ። ሊኔዎስ በ1753 «ኮፌያ አራቢካ»፣ የዐረቡ ቡና አለው፤ ቡናው ግን ዱር ሆኖ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ጫካችን ነው። ስሙ ይስተካከል ቢባል ሕጉ «ተገቢ ስላልሆነ ብቻ ስም አይጣልም» ብሎ ይመልሳል። እኛም ተቀብለነዋል። ሕጉ ለቡናችን ሲሆን ድንጋይ ነው፤ ለግራራችን ሲደርስ ሰም ሆነ።

ሆኖም ራሳችንንም መውቀስ አለብን። አካሲያ ተወሰደብን ብለን ስንጮህ፣ አካሲያስ መቼ የእኛ ቃል ነበረ? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የላቲኑን ስም በቃላችን እንወጣው ነበር፤ ከደጃችን የቆመውን ዛፍ ገበሬው ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን አልጠየቅንም። በቢሾፍቱና በሞጆ ማሳዎች መካከል የቆመውን ገርቢን ተመልከቱ። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል፤ ስለዚህ ሰብሉን ሳያጠላበት መሬቱን ያዳብራል። የኦሮሞ ገበሬ ከሌላው ግራር ለይቶ ገርቢ ይለዋል። ሊቃውንቱ ከአካሲያ ለይተው የራሱን ወገን የሰጡት ግን በ1934 ነው፤ የሰጡትም ስም የሴኔጋል ቅኝ ገዥ የነበረው የፈረንሳዩ ጄኔራል የፌደርብ ስም ሆነ። የኮሶም ነገር ከዚህ አይሻልም፤ ብሩስ በወዳጁ በባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ስሙ አስቀድሞ በሌላ ተክል ተይዞ ስለ ተገኘ፣ ዛሬ የሚጠራው በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በሐገን ስም ነው።

የራሳችን ቃል ሲያሸንፍ ያየነው በእንሰት ነው። ግመሊን በ1791 ከሙዝ ወገን ጨምሮት ነበር። ሆራኒኖቭ በ1862 «ኤንሴቴ» ብሎ ለየው፤ ነገሩ ተረስቶ ቆይቶ ቺዝማን በ1947 አስነሣው። እነሆ በዓለም ሁሉ የወገን ስም ሆኖ ይኖራል። ጤፍም ከ1775 ጀምሮ በዝርያ ስምነት አለ።

በ2009 የተጠናቀቀው ፍሎራ ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። የአገር ቤት ስሞችንም መዝግቧል፤ የመዘገባቸው ግን በላቲን ፊደል ነውና ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው፣ ጸ እና ጨ፣ ቀ እና ከ ለማያውቅ አንባቢ ይምታታሉ። ተማሪ ሪፖርት ሲጽፍ አዲሱን የላቲን ስም አስቀድሞ፣ የቀድሞውን አስከትሎ፣ የአገሩን ስም በራሱ ፊደል ከነቋንቋውና ከነቀበሌው ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? አንድ መስመር ወረቀት ብቻ ነው።

በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚሠራበት ልማድም ይህንኑ ያስታውሰናል። የደረቀው ቅጠል በተሰፋበት ወረቀት ላይ የቀድሞው ስም አይፋቅም፤ አዲሱ በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ፣ ከወሳኙ ስምና ከዓመቱ ጋራ በጎኑ ይለጠፋል። ጓደኛችን ዝርዝሩን በዚሁ መንገድ፣ ቫቼሊያን አስቀድሞ፣ አካሲያን አስከትሎ፣ ግራርን በፊደላችን ጽፎ መልሷል። መምህሩ ገና አልመለሱለትም።