ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፦ ስለ አንድ ሠንጠረዥ

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ሦስት ዓምድ ያለው ጽሑፍ አለ። ደራሲው አይታወቅም፤ ግን የእሱን ያህል በቃል የተያዘ ግጥም ከመካከላችን ማን ያውቃል? «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ሳይል ያደገ እጁን ያውጣ! የኢሬጉላር ቨርቦች ሠንጠረዥ ነው። እስቲ እንደ ማንኛውም ድርሰት እንሂሰው።

አቀማመጡ በፊደል ተራ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ቢጊን ከላይ፣ ድሪንክ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሪንግ፣ ሲንግና ስዊም ወደ ታች ተበታትነዋል። አምስቱ እኮ የአንድ እናት ልጆች ናቸው! «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ» ያለ አፍ «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» ማለት ምን ያቅተዋል? ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ሲለዋወጥ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ እያልን ነው አፍ የፈታነው። ሠንጠረዡ ግን ዘመዳሞቹን ለያይቶ እያንዳንዱን እንደ ባዳ ሸምድዱ ይለናል።

ቅኔ ቤት የዋለ ጓደኛ ያለው ይጠይቀው። እዚያ የግዕዝ ግሥ የሚጠናው በአርእስት ነው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ እየተባለ ከየርእሱ ኋላ ሠራዊቱ ይሰለፋል። ርእሱን ማርባት የቻለ ሠራዊቱን አያጣውም። ይህን ዘዴ ለሲንግና ለሠራዊቱ ብናውለው ማን ይከለክለናል?

በርግጥ ዘመድ የሌላቸውም አሉ። ዌንት ከጎ አልተወለደም፤ ዌንድ ከሚባል ሌላ ግሥ የመጣ ነው። እኛስ «ነው» ብለን ላለፈው «ነበር»፣ «መጣ» ብለን ለትእዛዙ «ና» እንል የለም? «ና»ን ደግሞ የሸመደደ የለም፤ በየቀኑ ሲጠራ ሰምቶ ነው የለመደው። በ2007 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የጥንታዊ እንግሊዝኛን 177 ኢሬጉላር ግሦች ተከታትሎ እስከ ዛሬ እንደዚያው የቀሩት 98 መሆናቸውን አሳይቷል። ዘወትር ከአፍ የማይጠፉት በብዛት ተረፉ፤ እምብዛም የማይነሱት «ኢ-ዲ» እየተቀጠለላቸው ከመደበኞቹ ተደባለቁ። እንግዲህ እነዚህን ግሦች ያኖራቸው አፍ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ድምፅ የለውም። «ሪድ»ንና ኃላፊውን «ረድ»ን በአንድ ዓይነት ፊደል ጽፎ ዝም ይላል።

ነገሩ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሁለተኛ ደረጃ ከገባን ወዲህ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ያለፈ ጊዜ ነው። «ሶት» የ«ሲክ» ኃላፊ መሆኑ ያልታየው ተማሪ አንቀጹን ዘሎ ያልፋል። ሠንጠረዡን ከራስ እስከ ግርጌ የሚወጣው ጎበዝም ቢሆን፣ ትናንት ያየኸውን ተናገር ሲባል፣ ሁለተኛውን ዓምድ በልቡ ሲያስስ ወሬው በሌላ ሰው ይወሰዳል።