ዋልያውን ሁለቴ ቁጠሩት፦ ስለተፋቱት ሒሳብና ስታቲስቲክስ

ፍሬሽማን ጨርሳችሁ የትምህርት ክፍል ስትመርጡ፣ ቅጹ ላይ ሒሳብ በአንድ ረድፍ፣ ስታቲስቲክስ በሌላ ረድፍ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። አንዱን ከያዛችሁ ሌላውን ትታችኋል። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች «ሒሳብ ከስታቲስቲክስ ጋር» የሚባል ዲግሪ የተለመደ ነው። እኛ ጋ ግን ሁለቱ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በር ለበር ተቀምጠው የማይጠያየቁ ጎረቤቶች ሆነዋል። እርግጥ የሒሳብ ተማሪ ፕሮባቢሊቲ ይማራል፣ የስታቲስቲክስ ተማሪም ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ይወስዳል። ኮርስ ይዋዋሳሉ፤ አብረው ሲያስቡ ግን እምብዛም አይታይም።

እኔ የመጣሁት ከምህንድስና ነው። እዚያ ስታቲስቲክስ በአንድ ሴሚስተር ይመጣል፣ ሳንቲም ይወረወራል፣ ዳይስ ይንከባለላል፣ ከከረጢት ቀይና ሰማያዊ ኳስ ይወጣል፣ በቃ፣ ሴሚስተሩ አለቀ። በሳንቲሙ አልቀየምም። ነገር ግን ሳንቲም አይደበቅም፣ ለቀን ሥራ መተማ አይወርድም፣ ዕድሜህ ስንት ነው ሲሉት «ሠላሳ ቢሆነኝ ነው» አይልም። ሰው ይህን ሁሉ ያደርጋል። ዋልያም ቢሆን መደበቅ ያውቅበታል። ስለዚህ ትችቴን ከዋልያ ልጀምር።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስትገቡ ሳንቃ በርን ታገኛላችሁ፤ በአንድ በኩል ሣርና ቁጥቋጦ፣ በሌላ በኩል ገደል። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚሁ ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ለቱሪስት ማጫወቻ ብቻ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከምክንያቶቹ አንዱ የዋልያው መመናመን ነበር፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት። እንግዲህ «ስንት ዋልያ አለ?» የሚለው ጥያቄ የአካባቢው ሰው እንጀራ ያለበት ጥያቄ ነው።

እስቲ ሁለት ቡድን እንላክ። ቁጥሮቹን ለመለማመጃ ያህል የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። አንደኛው ቡድን 60 ዋልያ አየ። ሁለተኛው ለብቻው ሄዶ 50 አየ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የቀንዱን መጠን ሲያነጻጽሩ 40ዎቹን ሁለቱም አይተዋቸዋል። ታዲያ ስንት ዋልያ አለ? 60 የሚል ይኖራል፤ 70 የሚልም ይኖራል፤ 60 ሲደመር 50 ሲቀነስ 40 አስልቶ። ግን እንዲህ አስቡት፦ ሁለተኛው ቡድን ካያቸው 50 ውስጥ አንደኛው 40ዎቹን አግኝቷል። ይህ ማለት የአንደኛው ቡድን ዓይን ከአምስት አራቱን ይይዛል። 60 የጠቅላላው አራት አምስተኛ ከሆነ፣ ጠቅላላው 75 ነው። ማንም ያላያቸውን አምስት ዋልያዎች በወረቀት አገኘናቸው! እኔ ይህን ቀመር በጣም ነው የምወደው፤ 60 በ50 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል፣ ሌላ ምንም የለውም።

አሁን እናበላሸው። 100 ዋልያ አለ እንበል። ሃምሳው ሜዳው ላይ፣ ሃምሳው ገደሉ ውስጥ። እያንዳንዱ ቡድን ከሜዳው 90 በመቶ፣ ከገደሉ 10 በመቶ ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ 45 ሲደመር 5፣ ሃምሳ ያያል። ሁለቱም የሚያዩት ደግሞ ከሜዳው 81 በመቶ፣ ከገደሉ 1 በመቶ ነው፤ በድምሩ 41 ገደማ። ቀመሩን አስገቡ፦ 50 በ50፣ ሲካፈል ለ41። መልሱ 61። ሠላሳ ዘጠኝ ዋልያ ጠፋ። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው፣ ሁለቱ ቡድኖችም አልተመካከሩም። ችግሩ ለአንዱ ቡድን የሚከብደው እንስሳ ለሌላውም መክበዱ ነው። ቡድኖቹ በተስማሙ ቁጥር እርግጠኛ የሆንን ይመስለናል፤ የተስማሙት ግን አብረው ባለማየት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ትምህርት ክፍሎች የሚፈላለጉት። የካሬዎች አማካይ ከአማካዩ ካሬ አያንስም የሚለውን የሚያውቅ የሒሳብ ተማሪ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ሁልጊዜ ወደ ታች እንደሚጎትት በሦስት መስመር ያረጋግጥላችኋል። ገደል መኖሩን ግን የትኛውም እኩልነት አይነግረውም። የስታቲስቲክስ ተማሪ በበኩሉ ገደሉን መጠየቅ ተምሯል (ወይም መማር ነበረበት)፤ ግን ቀመሩን እንደ ምግብ አሠራር ከተቀበለው የት ላይ እንደሚሰበር አያውቅም።

«ዋልያ ቆጥሬ ምን ላደርግ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ይኸው ቀመር ለሰው ነው የተሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1949 ቻንድራ ሴካር የተባለ ሕንዳዊና አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ በዚህ ስሌት ያልተመዘገቡ ልደቶችንና ሞቶችን ለመገመት የሚያስችል ጽሑፍ አሳተሙ። መረጃው የመጣው ከካልካታ አጠገብ ካለ ሲንጉር ከሚባል ገጠር፣ ከጤና ማዕከል ነው። ዛሬ የሕዝብ ቆጠራ ከተጠናቀቀ በኋላ በናሙና እየዞሩ «ስንት ሰው አመለጠን?» ብለው ሲጠይቁ፣ መሠረቱ ያው ነው። ሁለቱ ሰዎች የገደሉን ችግር ያውቁት ነበር። መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም ሕዝቡን በቦታ፣ በዕድሜና በጾታ ከፋፍሎ ለየብቻ ማስላትን ነው። ሜዳውን ለብቻ፣ ገደሉን ለብቻ እንደማለት።

ወደ እኛ ቆጠራ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ቁጥር ትልቅ ክርክር አስነሣ። የፖለቲካውን ክርክር ለሌሎች ልተወውና እርሳስ እናንሣ። በ1987ቱ ቆጠራ አገሪቱ 53.5 ሚሊዮን፣ ክልሉ 13.8 ሚሊዮን ነበሩ። በ1999ኙ አገሪቱ 73.8፣ ክልሉ 17.2 ሚሊዮን ሆኑ። አገሪቱ በ1.38 ተባዛች። ክልሉም እንደ አገሪቱ ቢያድግ 13.8 በ1.38፣ ማለትም 19 ሚሊዮን በሆነ ነበር። ጉድለቱ 1.8 ሚሊዮን።

ቆይ ግን፤ «አገሪቱ» ስንል ራሱ ክልሉም ውስጡ አለ። እናውጣው። የቀረው አገር ከ39.7 ወደ 56.6 ሚሊዮን አደገ፣ 1.43 እጥፍ ገደማ። ክልሉም በዚህ ቢያድግ 19.7 ሚሊዮን፤ ጉድለቱ 2.5 ሚሊዮን ሆነ። በአደባባይ የገነነው ቁጥር 2.4 ሚሊዮን ነው። ያው እርሳስ፣ ያው መረጃ፤ «ከማን ጋር ይወዳደር?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ስለቀየርን 700 ሺህ ሰው መጣም ሄደም። የአዲስ አበባን አንድ ትልቅ ክፍለ ከተማ አስቡት።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ አንዱም ስሌት ጉድለቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። ያልተወለዱ ናቸው? የሞቱ ናቸው? ወደ ሌላ ክልል የሄዱ? ወይስ ያልተቆጠሩ? የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ በክልሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ አማካይ ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5.9፣ በ1997 ወደ 5.1 መውረዱን ያሳያል። ስለዚህ ከጉድለቱ የተወሰነው ያልተወለደ ሊሆን ይችላል። ስንቱ? ይህ በካልኩሌተር የሚጀመር፣ በካልኩሌተር ግን የማያልቅ የመመረቂያ ጥናት ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚነካ መረጃ ከየት ይገኛል አትበሉኝ። ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስትወርዱ ዳባት አለች። እዚያ የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1989 ዓ.ም. የጀመረው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያ አለ። ሥራው ለመናገር ቀላል ነው፦ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብሎ መመዝገብ። ሰው ሲሞትም የሕመሙን ምልክቶች ከቤተሰቡ ጠይቆ የሞቱን መንስኤ መገመት። የትናንቱ ሕዝብ፣ ሲደመር ልደት፣ ሲቀነስ ሞት፣ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ ወጪ። የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ይመስላል አይደል? እንግዲህ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ የወረደውን ልጅ አስገቡት። ነዋሪ ነው? ከስንት ወር በኋላ «ሄደ» ይባላል? በየትኛው ቀን? የወሰኑን ወር ስትቀይሩ የሞት ምጣኔውም፣ የልደቱም ይቀየራል፤ አካፋዩ እሱ ነዋ። የቤቱ እናት ደግሞ ልጄ ሄደ ብላ ማስመዝገብ ላይዋጥላት ይችላል።

ከሲንጉር ጤና ማዕከል መረጃ የዓለም ስታቲስቲክስ መጻሕፍት ውስጥ የገባ ዘዴ ወጣ። ከዳባትም ብዙ የጤና ጥናት ወጥቷል፣ ክብር ለሠሩት። ሒሳብና ስታቲስቲክስ በሚያስተምሩ ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ግን ዳባትን አይቻት አላውቅም። ያየሁት «የሚከተለው ሠንጠረዥ ተሰጥቷል» የሚል ጥያቄ ነው። ማን ሰጠው? ማንን ጠይቆ? ማን ቤት ሳይኖር? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ሰዓት አባካኝ ይባላል። ከዚያ ሠንጠረዡ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ይገባል፣ ከ0.05 በታች የሆነ ቁጥር ይፈለጋል፣ ሲገኝ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ወረቀት ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት ይህን ያህል መጥፎ አይደለም። ናሙና አወሳሰድም፣ ሪግሬሽንም፣ ሥነ ሕዝብም አለበት። በክፍሉ የሚደረገው ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ፤ ጥያቄው ምርጫ፣ ማለፊያው 50 በመቶ። ዓላማውን አልቃወምም፣ የማያውቅ እንዳይመረቅ ነው። ሆኖም የገደሉን ዋልያ በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» መፈተን ከባድ ነው፤ መፈተን የሚቀለው ቀመሩን ነው። ተማሪ የሚፈተነውን ይቸክላል። እኔም ብሆን እቸክላለሁ።

የሒሳብ መምህራን መልስ አላቸው፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። «አራት ዓመት አጭር ነው፣ መረጃ ያረጃል፣ ቴዎረም አያረጅም» ይላሉ። እውነት ነው። ከላይ ያያችሁት ስህተት ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ እንደማይሄድ ያወቅነው በማረጋገጫ ነው፤ ሶፍትዌር አይነግረንም። ስለዚህ «ፓይተን ተማርና በቀጥታ ዳታ ሳይንስ ግባ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ትችቴን የሚደግፉ እንዳይመስላችሁ። የእነሱ ከዚህም ይብሳል፣ ሠንጠረዡንም ማረጋገጫውንም ዘለውታል። የምቃወመው ቴዎረሙ ብቻውን ሲቆም ነው። የማረጋገጫው መጀመሪያ ላይ «ነጻ ናቸው እንበል» የሚል አንድ ሐረግ ይጻፍና ይታለፋል። ሳንቃ በር ላይ፣ ዳባት ውስጥ፣ ያ ሐረግ ራሱ የሳምንታት ሥራ ነው።

ሒሳብም ሆነ ስታቲስቲክስ ክፍል ሳትመርጡት የተመደባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የማቀርበው ትንሽ ነገር ነው። ከሌላው ክፍል አንድ ጓደኛ ያዙ። የሁለት ቡድን ቆጠራን በራሳችሁ ግቢ ሞክሩት፦ አንዳችሁ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሌላችሁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይብረሪ የሚመጡትን በመታወቂያ ቁጥራቸው መጨረሻ አራት አኃዝ መዝግቡ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ታዲያ። የላይብረሪውን ተጠቃሚ ቁጥር ገምቱ። ከዚያ «ገደል ውስጥ» ያለው ማን እንደሆነ ተከራከሩ፦ ዶርም የሚያነብ፣ ግቢ ውጪ የሚኖር፣ መታወቂያ የሚደብቅ። የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ ደግሞ መምህራችሁን ስለ ዳባት ጠይቁ። የግለሰቦች ምስጢር ያለበት መዝገብ ስለሆነ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ የጥናት ዕቅድ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ ማመልከቻውን በመጨረሻው ሴሚስተር ሳይሆን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩት፤ እስኪፈቀድ ድረስ ደግሞ የ1987ቱንና የ1999ኙን ቆጠራ የዕድሜ ሠንጠረዦች አውጥታችሁ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ስንት ሰው እንደተከማቸ ቁጠሩ።