ምዘናና ፈተና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ ምዘና በሚናገርበት ክፍል ሁለት ሐሳቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። አንደኛው፣ የተማሪው ሁለንተናዊ ዕድገት በተከታታይ ምዘና እንዲታወቅ ያዛል። ሁለተኛው፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ ለመዛወር ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት እንደሚያስፈልግና በ8ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ሁለቱ በጽሑፍ ሲታዩ የሚደጋገፉ ይመስላሉ፤ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጦት ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ፖሊሲው በአዲስ ሲተካና የአንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል እንዲያበቃ ሲደረግም ይህ ችግር አልተወገደም፤ እንዲያውም ፈተናው ወደ ታች ወርዶ ይበልጥ ለጋ የሆኑትን ሕፃናት ደርሶባቸዋል።

የችግሩ ምክንያት የመምህሩ ስንፍና አይደለም። ወላጅ «ሚኒስትሪ» እያለ የሚጠራው ፈተና የተማሪውን ዕጣ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱንም ስም ይወስናል። ስለሆነም መምህሩ የሚጠየቀውን ያስተምራል፤ የማይጠየቀውን ይዘላል። የቋንቋ ትምህርትን ለአብነት መመልከት ይበቃል። መጽሐፉ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን አስተባብሮ ያቀርባል። የምርጫ ጥያቄ ግን ልጁ አንድ አንቀጽ አሳክቶ መጻፉን ሊያሳይ አይችልም። ከዚህም የተነሣ የድርሰቱ ክፍለ ጊዜ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች መለማመጃ ይሆናል። ተከታታይ ምዘና የሚባለውም፣ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይኑር የሚለው መለኪያ በብዙ ቦታ በሚታለፍበት ሁኔታ፣ በየሳምንቱ የሚደመር ትንንሽ ፈተና ሆኖ ቀርቷል።

የፈተናው ደጋፊዎች የሚያነሡት ክርክር ቀላል አይደለም። የገበሬውም ሆነ የነጋዴው ልጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚቀርብለት አድልዎ አይኖርም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፈተናው የማያዳላው በሚጠይቀው ነገር ብቻ ነው፤ የማይጠይቀውን ያጣው ልጅ መበደሉን ማንም አያውቅለትም።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ችሎታ ጥናት፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ጉድለት የገለጠው የማጠናቀቂያ ፈተና ሳይሆን፣ መዛኙ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀምጦ ድምፁን እያሰማ እንዲያነብ ማድረጉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜም ብዙዎች ተደናገጡ። ነገር ግን ከነዚያ ተፈታኞች አብዛኞቹ የ8ኛ ክፍልን ፈተና አልፈው የመጡ ነበሩ። የታችኛው በር ጠባቂ መስሎ ቢቆምም አላነቃም።

ልጅን ለብቻው ማድመጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደልን ሳይለይ ወደ ንባብ አያልፍም፤ በንባብም ከቁጥር እስከ ቁም ንባብ የሚሸጋገረው መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ሰምቶ ሲፈቅድለት ነው። ያ ሥርዐት የራሱ ጉድለት ነበረው፤ በቃል መያዝን አብዝቷል። ሆኖም ማንበብ የማይችል ልጅ ሳይታወቅ ስምንት ዓመት አይቀመጥበትም ነበር።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ሁለቱን ሥራዎች መለየት ይገባቸዋል፤ መምረጥ ሌላ፣ ጉድለትን መርምሮ መርዳት ሌላ ነው። በ2ኛ ክፍል መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ በመምህሩ ፊት አንዲት አጭር ምንባብ ያንብብ፤ ውጤቱም ልጁን ለመርዳት እንጂ ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር አይዋል። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ፈተናም አንድ አንቀጽ የሚያስጽፍ ጥያቄ ይግባ፤ እርማቱንም በጉድኝት ማዕከላት የተሰባሰቡ መምህራን ይሥሩት። ድካሙና ወጪው እንደሚጨምር ግልጽ ነው። ነገር ግን የሚጻፍ ካልተጠየቀ መጻፍ አይማሩም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ በ2ኛ ክፍል በጥቂት ወራት የሚቃና የንባብ ጉድለት በ12ኛ ክፍል በምንም ዓይነት ፈተና አይቃናም።