ዜና መዋዕልና ሠዓሊው

በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የነገሥታቱን ታሪክ ይመዘግብ የነበረው ጸሐፊ ስለ ሥዕል ጥቂት ይናገራል፤ ስለ ሠዓሊ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ፣ ማንን እንደ ሾመ፣ የትኛውን ደብር ተክሎ ምን ርስት እንደ ሰጠ ቀንና ወር እየጠቀሰ ይተርካል። የመቅደሱን ግድግዳ በቀለም የሞላውን ሰው ግን በስም አይጠራውም።

የፋርስ ልማድ ከዚህ ይለያል። እስክንደር በግ ሙንሺ እ.ኤ.አ. በ1629 በፈጸመው የሻህ አባስ ታሪክ ውስጥ፣ በሻህ ታህማስብ ዘመን ለነበሩት ቁም ጸሐፊዎችና ሠዓልያን የራሳቸውን ክፍል ሰጥቷል። ቃዚ አሕመድም ስለ እነርሱ ለብቻው መጽሐፍ ደርሷል። የፋርስ ሠዓሊ በሻሁ መጻሕፍት ቤት ስለሚሠራ ታሪክ ጸሐፊው በቅርብ ያውቀዋል። የእኛ ሠዓሊ ግን በአመዛኙ መነኩሴ፣ ካህን ወይም ደብተራ ነው፤ ሥራውም ያለው በየገዳሙና በየደብሩ ነው።

ስለዚህ የሠዓሊው ስም የሚፈለገው ከሥራው ላይ ነው። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን የሚታወቀው በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ በመጻፉ ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ስለ እርሱ ዝም ይላል። ቬነሲያዊው ኒኮሎ ብራንካሊዮንም በሥዕሎቹ ላይ ስሙን ትቷል፤ ሰውየውን በአካል አግኝቶ ስለ እርሱ የጻፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ነው።

ዜና መዋዕል ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው ጸሐፊው ለሕንፃው የሚሰጠውን ዘመን ለሥዕሉ መስጠት ነው። ለዚህ ከጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተሻለ ምሳሌ የለም። የታላቁ ኢያሱ ታሪክ የደብሩን ምረቃ ይተርካል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1694 ነው። ያ የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ነበር፤ ዛሬ የቆመው ግን ባለ አራት ማዕዘን ነው። በዛሬው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች አይቶ «የኢያሱ ዘመን ሥዕል ይህ ነው» የሚል ጸሐፊ የአንዱን ሕንፃ ልደት ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። ይህ ስሕተት በመጽሔትም በአስጎብኚዎች አንደበትም እስካሁን ይደጋገማል።

ከአሠሪዎቹ ወገን መረጃው ይበረታል። እቴጌ ምንትዋብ በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች፤ ሥዕሉ ራሱ ማን እንዳሠራው ይመሰክራል።

በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይም በምኒልክ ዘመን ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክን ታሪክ ሲጽፉ ስለ እንጦጦ ማርያም መሠራትና ስለ በዓሉ ግብር አስፍተው ተርከዋል፤ ለሥዕሉ የተረፈው ቦታ ግን ጠባብ ነው። በእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የተሳተፈው፣ በጣሊያን የሥዕል ትምህርት የቀሰመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ራሱ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን ታሪክ ጽፎ ሮም ላይ አሳትሟል። ብሩሽም ብዕርም በአንድ እጅ የተገናኙበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብርቅ ነው።

የሥዕል ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ዜና መዋዕሉን ለአሠሪው፣ ለዘመኑና ለቦታው ያንብብ፤ ለሠዓሊው ግን የሥዕሉን ግርጌ፣ የብራናውን መጨረሻ ቅጠልና በየወንጌሉ ኅዳግ የሰፈረውን የርስት መዝገብ ይመርምር። እነዚህ ጽሑፎች በእድሳት ጊዜ በአዲስ ቀለም እየተሸፈኑ ነው። የደብር አስተዳዳሪዎችና አዳሾች ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ፎቶ ያንሡ፣ ቃል በቃልም ይገልብጡ።