ስለዚህች ሰባት ቁጥር ዝም ማለት አልቻልኩም

ጎልፍ የምትጫወቱ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አዲስ ዱላ እንዳትገዙ! የማትጫወቱም ብትሆኑ አንብቡት፤ መዳፍ ምን ያህል ነገር መስማት እንደሚችል ትደነቃላችሁ። ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ጀርባው ያልተቦረቦረ፣ ጠርዙ የሳሳ አሮጌ የጎልፍ ብረት አግኝቻለሁ። ጎልፈኞቹ «ብሌድ» ይሉታል። ብረቶቹ በቁጥር ይለያያሉ፤ የኔዋ ሰባት ቁጥር ናት። በዕድሜዬ እጄ ከገቡት የስፖርት ዕቃዎች ሁሉ አንዳቸውም አጠገቧ አይደርሱም። ቤተሰቤ ስለሷ ማውራቴን እንዳቆም ለምኖኛል፤ ስለዚህ ፊቴን ወደ እናንተ አዞርኩ።

የተገኘችው ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ስንቱ ቤት ጓዙን ወደ በራፍ አወጣ! ቁም ሣጥኑ፣ ምጣዱ፣ የፎቶ ፍሬሙ፣ የተሰበረው ሬዲዮ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ፀሐይ ሞቀ። ከዚያ ሁሉ መሐል የጎልፍ ዱላ ብቅ ማለቱ ለሌላ ሰፈር ይገርም ይሆናል፤ ለካዛንቺስ ግን ብርቅ አይደለም። አፍሪካ አዳራሽ በ1961 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ወዲህ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከየአገሩ የሚያመጣቸው ሠራተኞች እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲወጡና ሲገቡ ኖረዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሂልተንም ከገንዳውና ከቴኒስ ሜዳው ጋር ሚኒ ጎልፍ ነበረው። የውጭ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሁሉ ጭኖ አይሄድም፤ ይሸጣል፣ ወይም ቤቱን ስትጠብቅለት ለኖረችው ሴት ትቶ ይሄዳል። ብረቷን የሸጡልኝ እናት «ልጄ፣ ምን እንደሚሠራ እንጃ፤ እኛ በር እንደግፍበት ነበር» አሉኝ። እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! በር ስትደግፍ የኖረችው ብረት ዛሬ እኔን ደግፋኛለች።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ የጎልፍ ብረቶች ጀርባቸው ተቦርቡሮ ክብደታቸው ወደ ዳር ዳር ተገፍቷል። ኳሱ ከመሐል ርቆ ቢያርፍ እንኳ ብረቱ እጅ ውስጥ ብዙም አይዞርም፤ ኳሱም የሚያጣው ርቀት ያን ያህል አይደለም። «ካቪቲ ባክ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ብሌድ ግን ክብደቱን መሐል ላይ ሰብስቦ የያዘ አንድ ወጥ ብረት ነው። ኳሱ እምብርቱ ላይ ካረፈ ሰማይ ትነካላችሁ፤ ጣት የማታክል ርቀት ከሳተ ግን ብረቱ ዞር ይላል፣ ኳሱም አጥሮ ይወድቃል። የሚሸፋፍንላችሁ የለም።

ታዲያ ምኑ ነው ደስ የሚለው አትሉም? እምብርቷን ያገኘሁ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ምንም አልተሰማኝም! በእውነት ምንም! ስል ቢላዋ ሻኛ ላይ እንደሚያልፍ አለፈች። መዳፌ ላይ ንዝረት የለ፣ ክርኔ ላይ ድንጋጤ የለ፤ አንድ አጭር፣ ወፍራም፣ የተዘጋ ድምፅ ብቻ። ቀና ስል ኳሱ ከዛፎቹ አናት በላይ ነበር፤ እዚያ ቆሞ የሚያስብ እስኪመስል ድረስ። አጠገቤ የነበረው ካዲ፣ ማለትም የዱላ ቦርሳ ተሸካሚ፣ ኳሱን እንኳ አላየውም፤ አጎንብሶ ሌላ ቦርሳ ሲያስተካክል ነበር። ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ይቺኛዋ መሐሏን አገኘች» አለኝ። በጆሮው ነው ያወቀው!

ካዲው ልክ ነው። በእንግሊዝ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጎልፈኛ «ጥሩ ስሜት» የሚለውን ነገር ከምቱ ድምፅ ጋር አነጻጽረው ሁለቱ በጥብቅ የተያያዙ መሆናቸውን አሳይተዋል። እጃችን ሰማ የምንለውን ከፊሉን የሰማው ጆሯችን ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው የሚለማመዱ ሰዎችን ሳይ አዝናለሁ።

ይበልጥ የሚገርመው የጊዜው ነገር ነው። የጎልፍ ኳስ ክብደቱ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፣ ስፋቱ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። ብረቱና ይቺ ትንሽ ኳስ ተነካክተው የሚቆዩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ይህም አንድ ሰከንድ ለሁለት ሺህ ሲካፈል የሚደርሰው ቁራጭ ነው። ስሜቱ ከመዳፍ ተነሥቶ አእምሮ እስኪደርስ ኳሱ ብረቱን ለቆ ርቋል። ስለዚህ የብሌድ ስሜት የተመታውን ኳስ አያድነውም። የሚያድነው የሚቀጥለውን ነው! እኔን ያሳበደኝም ይኸው ነው። ኳሱ ወደ ጫፉ ከሄደ አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ አለ፤ ወደ አንገቱ ከቀረበ ሌላ፤ ከታች ከተገኘ ደግሞ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ በጠዋት ብርድ ከሆነ አያድርስ ነው። እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ፊርማ አለው። ካቪቲ ባክ ሲሳሳቱ ይምራል፤ ብሌድ ሲሳሳቱ ያስተምራል።

ገና የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ታኅሣሥ 29 ሜዳ ወርዶ ሩር የለጋ ሁሉ፣ ዱላው በቆልማማው አንገቱ ሲያገኛትና በሌላው ሲያገኛት እጅ ላይ ያለውን ልዩነት አይረሳም። የገናን ዱላ ያጎበጠው ተፈጥሮ ነው፤ ዳርና ዳሩን ያከበደለት መሐንዲስ የለም። ጎልፍ የባዕድ ጨዋታ ነው ለሚሉኝ ጓደኞቼ የምመልሰው ይኸው ነው፤ ደጋው ላይ ያደገ እጅ እኮ በዱላ ኳስ መለጋትን ቆይቶ አልተማረውም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ እዚህ ላይ ነው ሙሉ በሙሉ ልቤን የሰጠሁት። ርካሹ መንገድ ብረትን አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ተቀጥቅጦ የሚሠራው ግን ድፍን የብረት ዘንግ ሆኖ ነው የሚጀምረው። 1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እስኪደርስ ይግላል፤ ከዚያ በከባድ መዶሻ ቅርጽ ውስጥ ደጋግሞ ይመታል፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም ሰው በእጁ ይዞ ሞርዶ ይጨርሰዋል። ሚዙኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎልፍ ዱላ ይሠራል፤ ብረቶቹን ሂሮሺማ ውስጥ ነው የሚያስቀጠቅጠው። ከሚመርጣቸው ብረቶች አንዱ 1025 የሚባለው ሲሆን በውስጡ ያለው ካርቦን ከመቶ 0.25 ያህል ብቻ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ባለሙያ ለባለቤቱ ቁመትና አቋቋም እንዲስማማ አንገቱን ሊያጎብጠው ይችላል።

በዚያው በጃፓን፣ የሰይፍ አንጥረኞች አገር በሆነው በሂሜጂ አካባቢ፣ ካትሱሂሮ ሚዩራ የሚባል ባለሙያ አለ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነው፤ ስሙ በዱላው ላይ ተቀርጾ ዓለም ይሻማበታል። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ወደ አገሬ ሄደ። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ መጥረቢያችንን በወናፍና በመዶሻ የሠራልን ሰው «ጠይብ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሂዱና መዶሻው በየአቅጣጫው ሲያስተጋባ ስሙ፤ የተጣለ በርሜል ምን ሆኖ እንደሚነሣ እዩ። ብሌድ በእጄ ከገባ ወዲህ እዚያ ሳልፍ ቆሜ አያለሁ፤ የጋለ ብረትና ትዕግሥተኛ ክንድ ሲገናኙ የሚሆነውን አሁን መዳፌ ያውቀዋል።

ግን እውነቱን ላለመሸፈን አንድ ነገር ልጨምር፦ መቀጥቀጡ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ተቀጥቅጠው የተሠሩ ካቪቲ ባኮችም ሞልተዋል። የምወደውን ስሜት ከሁሉ በላይ የሚሰጠው ቅርጹ ነው፤ ከኳሱ ጀርባ ያለው የብረቱ ውፍረትና የክብደቱ መሰብሰብ። መቀጥቀጥና ቅርጽ ሲጋቡ ነው ብሌድ የሚወለደው።

ካቪቲ ባክን የፈለሰፈውንም ሰው አላማውም። ካርስተን ሶልሃይም ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ ፒንግ የተባለውን ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. መሠረተ። ክብደትን ወደ ዳር በመግፋት ጎልፍን ለሚሊዮኖች አቀለለ። ትልቅ ሰው ነው! ግን ከሱ በፊት የነበሩት ጌቶች ሁሉ በዚህ ቀጭን ብረት መጫወታቸውን ሳስብ ፀጉሬ ይቆማል።

አሜሪካዊውን ጎልፈኛ ቤን ሆገንን ውሰዱ። በየካቲት ወር 1949 እ.ኤ.አ. መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ዳግመኛ መራመዱ እንኳ አጠራጥሮ ነበር። በሰኔ 1950 እ.ኤ.አ. ሜሪዮን ሜዳ ላይ፣ በአሜሪካ ኦፕን የመጨረሻ ጉድጓድ፣ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ቆመ። ያወጣው አንድ ቁጥር ብሌድ ነው፤ ከብረቶች ሁሉ አስቸጋሪውን! ኳሱን ጉድጓዱ ያለበት የተስተካከለ ሣር፣ ግሪኑ ላይ አሳረፈው፤ በማግሥቱ በተደረገው መለያ ዋንጫውን ወሰደ። ሃይ ፔስኪን ከኋላው ያነሣው ፎቶ የጎልፍ ወዳጅ ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ ነው። ያቺ አንድ ቁጥር ወዲያው ተሰረቀች፤ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ጠፍታ ስትገኝ ፊቷ ላይ ሳንቲም የምታክል የተበላች ቦታ ነበረች። አንድ ቦታ ብቻ! የሺህ ምቶች ሁሉ ማረፊያ፣ እምብርቷ። ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ፊርማ ይተዋል?

አሁን ለአዲስ አበቤ ያስቀመጥኩትን የምሥራች ልንገር። ብሌድ ከባድ ነው ይላሉ አይደል? ይህች ከተማ ግን ለብሌድ ታደላለች! ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየራችን ከጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳስን በአየር ላይ የሚጎትተውም፣ ሲሽከረከር ወደ ጎን የሚያጥፈውም አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳሱ ይርቃል፤ ጠማማ ምትም ከጠረፉ ያነሰ ይታጠፋል። ከ2017 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ታላላቅ ጎልፈኞች ከኛ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ሲወዳደሩ ይህንኑ አየር ለመላመድ ሒሳባቸውን ሁሉ እንደ አዲስ ሠርተዋል። እኛ ግን ስንወለድ የተሰጠን ነው! ብሌድ ከመሐል ስትስቱ የሚወስድባችሁን ርቀት፣ የሸገር አየር ከፊሉን ይመልስላችኋል። በርግጥ ኳሱ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሚወርድ አርፎ መንከባለሉ ይበዛል፤ ግሪኑ ፊት ለፊት ማሳረፍ ይሻላል። የነገሩን ጥግ ማየት የሚፈልግ ጠፈርተኛውን አላን ሼፓርድን ያስብ፤ በየካቲት 1971 እ.ኤ.አ. የስድስት ቁጥር ብረት ጫፍ ጨረቃ ላይ ወስዶ ጭራሽ አየር በሌለበት ኳስ ለጋ። እኛ ከዚያ በመለስ ምርጡ ቦታ ላይ ነን።

መጫወቻው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ አለ፤ ሁሉ ሰው ግን አይገባበትም። ከካዛንቺስ በመስቀል አደባባይና በሜክሲኮ አድርጋችሁ፣ ሳር ቤትን አልፋችሁ ኦልድ ኤርፖርት ስትደርሱ የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብን ታገኛላችሁ። በጠዋት ሂዱ፤ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ሣሩ ገና ጤዛ ይዞ ሳለ።

ሙሉ ስብስብ አትግዙ። ጀማሪ ሁሉንም በብሌድ ልጫወት ካለ እጁም ልቡም ይሰበራል፤ ለውድድር ቀን ካቪቲ ባካችሁን ያዙ። የምላችሁ አንዲት ሰባት ቁጥር ብሌድ ለልምምድ ያዙ ነው። በግማሽ ኃይል ጀምሩ። ኳሱን ሳታዩ በፊት የት እንዳረፈ በመዳፋችሁ ገምቱ፤ ከዚያ ፊቷ ላይ የቀረውን ምልክት ተመልከቱ። ግምታችሁና ምልክቱ መገጣጠም ሲጀምሩ፣ ወደ ለመዳችሁት ዱላ ስትመለሱ ራሳችሁን ሌላ ሰው ሆናችሁ ታገኙታላችሁ።

በየጓዳው፣ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው፣ ኮንትራቱን ጨርሶ በሚሄድ ሰው ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብረቶች ዝገት ለብሰው ተቀምጠዋል። አዲሶቹ እጅግ ውድ ናቸው፤ አሮጌዎቹን ግን እስካሁን ማንም አልተሻማባቸውም። ይህ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ግን እንጃ! እኔ ስምንት ቁጥሯን እየፈለግሁ ነው፤ ቀድማችሁ ካገኛችኋት አላዝንባችሁም፣ ብቻ አንድ ኳስ እንድለጋባት ፍቀዱልኝ።