ስለ ትንሽ ከተማ ታሪክ አጻጻፍ

ከማስተማር ሥራ ካረፍሁ ወዲህ፥ ወጣቶች ስለ ወረታና ስለ ፎገራ የጻፉትን ታሪክ እንዳርምላቸው ያመጡልኛል። ትጋታቸው እጅግ ያስደስተኛል፤ ዳሩ ግን አብዛኛው ጽሑፍ አንድ ጕድለት አለበት። ይኸውም በንጉሥ ጀምሮ በሹም መጨረስ ነው። በእንፍራዝ አጠገብ ስላለው ስለ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ በሰፊው ይተርክና፥ ሜዳውን አርሶ የኖረውን ሕዝብ ስም እንደሌለው አድርጎ ያልፈዋል።

ይህ ጕድለት የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ፥ በኦሃዮና በኢሊኖይ አገር፥ የየአውራጃውን ታሪክ እያተሙ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። መጽሐፉን ለመግዛት አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው የሕይወት ታሪኩ ይጻፍለት፥ ጨምሮ የከፈለም ሥዕሉ ይታተምለት ነበር። ስለዚህ እነዚያ መጻሕፍት ከተማውን ማን እንደ ሠራ ከመንገር ይልቅ ማን መክፈል እንደ ቻለ ይነግራሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ የሚከፈለው ሹመት ነው።

እንግዲህ ፎገራን ተመልከቱ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ፥ በሜዳው ላይ ውሃ ይተኛበታል። ይህ ረግረግ የታወቀችው የፎገራ ላም ግጦሽ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተማሩ፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለውም ዘር የቀበሌውን ስም ይዞ ቀረ። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች የበዙባት፥ የሩዝ ምርምር ማእከልም የቆመባት ከተማ ናት።

ነገር ግን ትርፉን ብቻ የሚጽፍ ሰው ከእውነቱ እኩሌታውን ይደብቃል። ግጦሹ ሲታረስ ላሟ ቦታ አጣች፤ ዘሯም እየተቀላቀለ ስለ መነመነ በመተከል የከብት እርባታ ጣቢያ እንዲጠበቅ ተደረገ። በ1998 ዓ.ም. ክረምትም ጎርፍ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ አፈናቀለ።

ያንን የማያውቀውን ዘር በጭቃ ውስጥ አስቀድሞ የዘራው ገበሬ ማን ነው? የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅላ መጀመሪያ እንጀራ የጋገረችው ሴትስ? ከብቶቹን ሸጦ እርሻ የጀመረውስ ምን ተሰማው? ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ ያዩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ግን በየዓመቱ ያንሳሉ። ግንቡ ይቆያችኋል፤ እነርሱ ግን አይቆዩአችሁም።

ወጣቶች ሆይ፥ ሳይመሽ ወደ እነርሱ ሂዱ። ስሙን፥ ዘመኑን፥ ቀበሌውን ጠይቁ። አንዱ የነገራችሁን በሌላው አመሳክሩ። በሩዝ የበለጸገውንም በሩዝ ግጦሹን ያጣውንም እኩል ስሙ። የወረታን ታሪክ እንዲህ አድርጎ የጻፈ ልጅ፥ የጎረቤቱን ድካም ማክበርን አብሮ ይማራል።